ዲፈረንሻሉን ማን ይፍታው?

ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ደጋ አቋርጦ ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ ወደ ከላላም ሆነ ወደ መካነ ሰላም፣ የተጓዘ ሰው አንድ ድምፅ ሳያውቅ አይቀርም። መኪናው ዳገቱን ጨርሶ ሜዳ ላይ ሲፈጥን ከኋላ ወንበር ሥር እንደ ንብ መንጋ የሚያንጎራጉር፣ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሣ ደግሞ ቃናውን የሚለውጥ ድምፅ ነው። ተሳፋሪው ድምፁን ከመንገዱ ጋር ደባልቆ ያንቀላፋበታል። ሹፌሩና ረዳቱ ግን ይተያያሉ፤ ዲፈረንሻሉ መፈታቱ እንደማይቀር ያውቃሉና።

ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዲፈረንሻሉ የት ይፈታ? በባለቤቱ ግቢ፣ ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ በዘመድና በጎረቤት መካኒክ እጅ? ወይስ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተወስዶ በባለሙያ ጋራዥ? በሹፌሮች ዘንድ ይህ ክርክር የቆየ ነው። አንዱ ወገን «ለገንዘብህ ካዘንክ ራስህ ፍታው» ይላል፤ ሌላው ወገን «ለሕይወትህ ካዘንክ አትንካው» ይላል። እኛ ደግሞ አቋማችንን ከወዲሁ እንግለጽ፦ ጥያቄው በዚህ መልክ ሲቀርብ ስሕተት አለበት። ወሰኑ መሰመር የሚገባው በግቢና በጋራዥ መካከል አይደለም፤ በእጅና በዓይን ሊሠራ በሚችለው ሥራና ካልተለካ ሊሠራ በማይችለው ሥራ መካከል ነው። ይህን ለማሳየት መጀመሪያ መሣሪያው የሚሠራውን ሥራ መረዳት ያስፈልጋል።

ከመቀመጫችን ሥር ያለው ጂኦሜትሪ

እንደሚታወቀው መኪና በሚታጠፍበት ጊዜ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ርቀት ይጓዛል። ልዩነቱን ለማስላት ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው የክብ ዙሪያ ቀመር ይበቃል። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ነው እንበል። መኪናው ሙሉ ክብ ሠርቶ ቢዞር የውጭው ጎማ ከውስጠኛው 9.4 ሜትር ያህል አብልጦ ይጓዛል፤ ይኸውም 1.5 በፓይ እጥፍ ሲባዛ የሚገኝ ውጤት ነው። የሚያስገርመው፣ በዚህ ስሌት ውስጥ የመታጠፊያው ስፋት ፈጽሞ አይገባም። ክቡ ጠባብ ቢሆን ሰፊ ልዩነቱ ያው 9.4 ሜትር ነው። ወደ አባይ ሸለቆ በሚወርዱ መንገዶች ላይ የምናያቸው ወደ መጡበት የሚመልሱ መታጠፊያዎች የክብ ግማሽ ናቸውና እያንዳንዳቸው 4.7 ሜትር ልዩነት ይጠይቃሉ። ዙሪያው 2.2 ሜትር ለሆነ ጎማ ይህ ከሁለት ሙሉ ዙር በላይ ነው።

ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ግትር ዘንግ ላይ ታስረው ቢሆን ኖሮ ይህን ዕዳ የሚከፍሉት ጎማዎቹ በመንገዱ ላይ እየተፋቁ፣ አክስሉም እየተጠማዘዘ ነበር። ዲፈረንሻል ዕዳውን ያለ ፍትጊያ ይከፍላል። ከካምቢዮ ኃይል ይዞ በሚመጣው ዘንግ ጫፍ ላይ ፒኞን የምትባል ትንሽ ማርሽ አለች። ፒኞን ትልቁን ኮሮና ታዞራለች። ኮሮና በጣልያንኛ ዘውድ ማለት ሲሆን በሽታው ስሙን ሳያሰማን ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ በጋራዦቻችን የኖረ ቃል ነው። ኮሮናው በታሰረበት ቤት ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ማርሾች አሉ። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ እነዚህ ማርሾች በራሳቸው ዛቢያ ላይ አይዞሩም፤ ሲታጠፍ ግን እየዞሩ ከአንዱ ጎማ የቀነሱትን ለሌላው ይጨምራሉ። በመሆኑም የኮሮናው ፍጥነት ምንጊዜም የሁለቱ ጎማዎች ፍጥነት አማካይ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ኦኔዚፎር ፔኬር በእንፋሎት ለሚንቀሳቀስ ሠረገላ ይህን መሣሪያ በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲደርስ ዲፈረንሻል ሰማንያ ዓመት ገደማ የሆነው ሽማግሌ ነበር። ወደፊትም ከእኛ ጋር የሚቆይ ይመስላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲወስን በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች የጥገና ዕድሜ ረዘመ፤ በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎችም አብዛኞቹ ዲፈረንሻል አላቸው። ስለዚህ «ማን ይፍታው?» የሚለው ጥያቄ በቅርቡ የሚያረጅ ጥያቄ አይደለም።

የሁለት ፀጉር ውፍረት

አሁን ወደ ልኬቱ እንግባ። ለምሳሌ ያህል 300 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል የሚያመነጭ ሞተር እንውሰድ። የካምቢዮው የመጀመሪያ ማርሽ ይህን 5 ጊዜ ቢያበዛው፣ ኮሮናና ፒኞኑ ደግሞ 6 ጊዜ ቢያበዙት፣ በሰበቃ የሚባክነውን ትተን አክስሉ ላይ የሚደርሰው 9,000 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህም በአንድ ሜትር ክንድ ጫፍ ላይ ከ900 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ነገር እንደ መስቀል ነው። ያ ሁሉ ኃይል የሚያልፈው በአንድ ቅጽበት በሚነካኩ ጥቂት ጥርሶች፣ ያውም በጣት ጥፍር በሚሸፈን ስፋት በኩል ነው።

ጥርሶቹ ይህን የሚችሉት ጠንካራ ቅርፊት ስላላቸው ነው። የብረቱ ገጽ በሙቀትና በካርቦን ይጠነክራል፤ ውስጡ ግን እንዳይሰበር ሲባል ለስለስ እንዲል ይደረጋል። የጠንካራው ቅርፊት ውፍረት በቀላል ተሽከርካሪዎች አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ግንኙነቱ በጥርሱ መካከል ላይ ካረፈ ቅርፊቱ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ወደ ጥርሱ ዳር ካጋደለ ግን ጠቅላላው ጭነት በጠባብ ጠርዝ ላይ ይከማችና ቅርፊቱ ይላጣል። ከዚያ በኋላ ለስላሳው ውስጥ ዕድሜ የለውም።

ግንኙነቱ የት ላይ እንዲያርፍ የሚወስኑት ከፒኞንና ከኮሮና ኩሽኔታዎች አጠገብ የሚገቡ ስስ የብረት ቀለበቶችና ማስተካከያ ዳዶዎች ናቸው። የአምስት መቶኛ ሚሊ ሜትር ለውጥ የግንኙነቱን ቦታ በዓይን እስኪታይ ያዛውረዋል። በኮሮናና በፒኞን ጥርሶች መካከል እንዲኖር የሚፈለገው ክፍተት በብዙ ቀላል ተሽከርካሪዎች ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሁለት የራስ ፀጉር ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። ከዚህ ቢጠብ ሙቀት ብረቱን ሲያሰፋው ጥርሶቹ ይጣበቃሉ፤ ቢሰፋ ደግሞ መኪናው በተነሣ ቁጥር በመዶሻ እንደተመታ ይንኳኳሉ።

ይህን ክፍተት ዳያል ጌጅ በሚባለው ሰዓት መሳይ መለኪያ እንጂ በአውራ ጣት ማወቅ አይቻልም። የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለው መካኒክ ኮሮናውን ወዲያና ወዲህ አወዛውዞ «ይህ ልክ ነው» ሲል እጁ የሚነግረው ክፍተት መኖሩን ነው፤ 0.15 ይሁን 0.30 እጅ መለየት አይችልም። ይህን የምንለው ልምድን ለመናቅ አይደለም። በሽታውን የሚያገኘው ልምድ ነው፤ መድኃኒቱን የሚመጥነው ግን መለኪያ ነው።

ስለ ግቢው የሚነገረው እውነት

በግቢ መፍታትን የሚደግፉ ሰዎች ምክንያታቸው ከስስት ብቻ የሚመነጭ አይደለም። በከላላ ገበያ ቀን ሰውና እህል የሚያመላልስ የአንድ ሚኒባስ ባለቤትን እናስብ። መኪናው ቆመ ማለት የቤተሰቡ ገቢ ቆመ ማለት ነው። መኪናውን አስጎትቶ ደሴ ማድረስ፣ በዚያም ተራ መጠበቅና ማደር፣ ከጥገናው ዋጋ ያላነሰ ወጪ አለው። በዚያ ላይ «ደህናውን ዕቃ አውጥተው አሮጌ ይከቱብኛል» የሚል ሥጋት አለ፤ ሥጋቱ ሁልጊዜ እውነት ባይሆንም ሁልጊዜ ሐሰት ነው ለማለትም አንደፍርም። መንገድም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት ጊዜ ወደ ባለሙያ መሄድ ለብዙዎች ከምርጫ ውጭ ሆኖ ነበር። በገዛ ግቢው ብሎን መፍታት የሚያውቅ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለቀበሌውም መድኅን ነው።

ከዚህም ሌላ የሚጠቀስ ነገር አለ። የአገራችን የመኪና ጥገና ሙያ በአብዛኛው የተወረሰው በትምህርት ቤት ሳይሆን በእጅ በመያዝ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ እያልን የምንጠራቸው ቃላት ከጣልያንኛ ተወስደው፣ ከመካኒክ ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ታናሽ ረዳት ሲወርዱ ከእኛ የደረሱ ናቸው። የግቢ ሥራ የዚህ ውርስ አካል ነው። «ባለሙያ ካልሆንክ አትንካ» የሚለው ፍርድ ይህን በር ይዘጋዋል፤ ነገ ባለሙያ የሚሆነው ልጅ የሚማረው ዛሬ ሲነካ ነውና።

ስለ ጋራዡ የሚነገረው እውነት

በሌላ በኩል ጋራዡን የሚመርጡ ሰዎች ምክንያት ጠንካራ ነው። ዲፈረንሻል ስሕተትን ወዲያው አይናገርም። የሞተር ስሕተት ሞተሩ ሲነሣ ይታወቃል፤ የፍሬን ስሕተት በመጀመሪያው መርገጥ ይታወቃል። በተሳሳተ ልክ የተገጠመ ዲፈረንሻል ግን ከግቢው በጸጥታ ወጥቶ ለጥቂት ሳምንታት ሊሠራ ይችላል። ስሕተቱን የሚናገረው ተሳፋሪ በሞላበት፣ ቁልቁለት በበዛበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ከስሕተቶቹ መካከል ሦስቱን ብቻ እንጥቀስ። የመጀመሪያው፣ ኮሮናና ፒኞን በፋብሪካ አብረው ተፋትገው የተጣጣሙ ጥንዶች መሆናቸውን ረስቶ የአንዱን መኪና ኮሮና ከሌላው ፒኞን ጋር ማጋባት ነው። ሁለተኛው፣ የኮሮናውን ኩሽኔታዎች የሚይዙትን ሁለት ቆቦች ማቀያየር ነው። ቆቦቹ ከቤታቸው ጋር በአንድ ላይ የተቦረቦሩ ስለሆኑ የቀኙ ለግራ አይሆንም፤ ከመፈታታቸው በፊት ምልክት ሊደረግባቸው ይገባል። ሦስተኛው በብዙ ቀላል ተሽከርካሪዎች የፒኞን ኩሽኔታዎች መካከል ከሚገኘው ተጨፍላቂ ቀለበት ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ቀለበት ዳዶው ሲጠብቅ እየተጨፈለቀ ኩሽኔታዎቹን በሚፈለገው መጠን ያጠብቃቸዋል። እንዲጨፈለቅ ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ልኩ ላይ ሲደርስ ግን ፒኞኗን ለማዞር የሚበቃው ከ1 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ያህል ብቻ ነው። ልኩን አልፈው ያጠበቁት እንደሆነ ዳዶውን መልሶ ማላላት አያድንም። ቀለበቱ አንድ ጊዜ ተጨፍልቋልና በአዲስ መተካት አለበት። «ትንሽ መለስ አድርገው» የሚለው የግቢ ምክር ኩሽኔታውን ለሞት የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ጋራዥ መግባት ብቻውን ከነዚህ ስሕተቶች አያድንም። ጋራዥ ማለት የቆርቆሮ ጣሪያና የቅባት ሽታ ማለት አይደለም። ዳያል ጌጅ፣ የማጥበቂያ ኃይልን የሚለካ ቁልፍ፣ በጥርስ ላይ የሚቀባ የመፈተኛ ቀለምና የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሌለው ጋራዥ ጣሪያው ትልቅ የሆነ ግቢ ነው። እነዚህን አራቱን ይዞ፣ አጠቃቀማቸውንም ተምሮ በባሕር ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው ደግሞ ጣሪያ የሌለው ባለሙያ ነው።

በግቢ ሊሠራ የሚገባው

እንግዲህ ሥራውን እንከፋፍለው። መለኪያ የማይጠይቀው ክፍል የባለቤቱ ድርሻ ነው፤ ይህን ድርሻ በትጋት የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ዲፈረንሻል ወደ መፍታት አይደርስም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ጆሮ ነው። ነዳጅ ሲሰጥ የሚያንጎራጉርና ሲለቀቅ የሚያቆም ወይም በተቃራኒው የሆነ ድምፅ ወደ ኮሮናና ፒኞን ይጠቁማል። በመታጠፊያ ላይ ብቻ የሚሰማ ድምፅ የውስጥ ትንንሽ ማርሾችን ያስጠረጥራል። ነዳጅ ቢሰጥም ባይሰጥም ከጎማው ፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ጉርምርምታ የጎማ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ሲነሣ «ቋ» የሚል ድምፅ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የዲፈረንሻል ሳይሆን የዘንጉ መስቀለኛ መጋጠሚያ መላላት ነው። ይህን ሳይለዩ ዲፈረንሻል መፍታት ጥርስ ለታመመው ሰው ጆሮውን እንደ ማከም ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የመተንፈሻ ቀዳዳ ነው። በኋላ አክስሉ ቤት አናት ላይ የሚገኘው ይህ ትንሽ ቀዳዳ በጭቃ ሲደፈን ብዙ ጥፋት ያስከትላል። በክረምት ጅረት የሚያቋርጥ መኪናን እንውሰድ። ከረጅም ዳገት በኋላ በአክስሉ ቤት ውስጥ ያለው አየር 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል እንበል። ቤቱ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲነከርና አየሩ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ፣ ቀዳዳው ከተደፈነ፣ በጋዝ ሕግ መሠረት የውስጡ ግፊት በ17 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ቤቱ ውኃ ይስባል፤ ዘይት እንዳይፈስ የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች ውኃ እንዳይገባ ለመከልከል አልተሠሩም። በማግሥቱ ዘይቱ ሻይ ከወተት መስሎ ይገኛል። በተቃራኒው መኪናው ሲሞቅ የታፈነው አየር ዘይቱን በአክስሉ በኩል ገፍቶ ወደ ፍሬኑ ያደርሰዋል። ይህን ሁሉ የሚከላከለው የአንድ ደቂቃ ጽዳት ነው።

ዘይት መለወጥም የግቢ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛው፣ የማፍሰሻው ብሎን ከመከፈቱ በፊት የመሙያው ብሎን መከፈት መቻሉን ማረጋገጥ ነው። ዘይቱን አፍስሶ የመሙያው ብሎን እምቢ ያለው ሰው መኪናውን ለራሱ አስሮታል። ሁለተኛው የዘይቱ ዓይነት ነው። የዛሬ መኪናዎች ፒኞን አብዛኛውን ጊዜ ከኮሮናው መሐል ዝቅ ብላ ትገጠማለች። ሃይፖይድ የሚባለውን ይህን አሠራር የአሜሪካው ፓካርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1926 ለአውቶሞቢል አውሎታል። ጥርሶቹ እየተሽከረከሩ ብቻ ሳይሆን እየተንሸራተቱም ስለሚነካኩ ተራ ዘይት ከመካከላቸው ተጨምቆ ይወጣል። ለዚህም ከፍተኛ ጫና የሚችል፣ በብዙ መኪናዎች ጂኤል-5 የሚል ምልክት ያለው ዘይት ይታዘዛል። ይኸው ዘይት ግን በአንዳንድ ካምቢዮዎች ውስጥ የሚገኙትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ ስለሚችል ለሁለቱም አንድ ዘይት መጠቀም ቁጠባ አይደለም። ዘይቱ ሲፈስስ የማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ላይ የሚታየው ዱቄት መሰል ግራጫ ቅባት የተለመደ መበላት ነው። በጣት የሚዳሰስ ስባሪ ከተገኘ ግን የጥርስ ወይም የኩሽኔታ ቁራጭ ነውና ጊዜ አይሰጥም።

ሙሉውን አውጥቶ መላክ

ዲፈረንሻሉ መከፈት ካለበት ምን ይደረግ? ክርክሩን የሚያስታርቀው ነጥብ ይህ ነው። በአገራችን በብዛት በሚታዩት ብዙ የቶዮታና የአይሱዙ መኪናዎች የኮሮናውና የፒኞኑ ክፍል፣ አክስሎቹ ወደ ውጭ ከተሳቡ በኋላ፣ ብሎኖቹ ተፈትተው እንዳለ በሙሉው ከአክስሉ ቤት ይወጣል። ክፍተቱም፣ የግንኙነቱ ቦታም፣ የኩሽኔታው ጥብቀትም የሚወሰነው በዚያ በወጣው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ማውጣቱና መልሶ መግጠሙ ጥንቃቄና ጽዳት እንጂ ረቂቅ መለኪያ አይጠይቅም። መኪናው በግቢው ይቆያል፤ የሚጓዘው የወጣው ክፍል ብቻ ነው። አስጎታች አያስፈልግም፤ ክፍሉ በጆንያ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ደሴ ይደርሳል። ባለቤቱም አብሮ ሄዶ ሲሠራ ቆሞ ማየት ይችላል።

በዚያም ጊዜ ባለቤቱ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ቢያውቅ ይጠቀማል። ክፍተቱ በመመሪያው ስንት ይላል፣ አሁንስ ስንት ሆነ? በቁጥር ይነገረኝ። በጥርሶቹ ላይ ቀለም ተቀብቶ የግንኙነቱ ምልክት ይታየኝ። ኮሮናና ፒኞኑ ጥንድ መሆናቸውን የሚያሳየው ቁጥር የት አለ? ተጨፍላቂው ቀለበት አዲስ ነው? የተለወጡት አሮጌ ዕቃዎች ይሰጡኝ። እነዚህን ጥያቄዎች በደስታ የሚመልስ ጋራዥ ባለሙያ ነው። በጥያቄዎቹ የሚቆጣ ጋራዥ ካለ ባለቤቱ ክፍሉን እንደ ተጠቀለለ ይዞ ወደ ሌላ ቢሄድ አይቆጨውም።

በግቢው ሥራ ላይ ግን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። በብዙ የአይሱዙ ቀላል የጭነት መኪናዎች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ከካምቢዮው በስተኋላ ያለውን ዘንግ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ሲነሣ ዲፈረንሻሉ የተነሣው ጎማ ወደ ኋላ፣ መሬት ላይ ያለው ጎማ ወደ ፊት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ዘንጉ ታስሮ እያለ መኪናው ይንከባለላል ማለት ነው። ዲፈረንሻሉ ከወጣ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘው ነገር ጨርሶ የለም። ረዳቱ በየፌርማታው የሚያስገባው ታኮ ልማድ ብቻ ሳይሆን የፊዚክስ ሕግ የሚያዝዘው ነገር ነው። ስለሆነም በተስተካከለ ሜዳ፣ በፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ አድርጎ፣ ክሪክን ብቻ ሳይታመኑ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ሳያሳርፉ ከመኪና ሥር መግባት አይገባም።

ቁልቁለቱ የሚጠይቀን

ይህን ያህል ስለ መቶኛ ሚሊ ሜትር የተጨነቅነው ለምን እንደሆነ አሁን እንናገር። ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ አባይ ሸለቆ የሚወርድ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። አስተዋይ ሹፌር ይህን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አይወርድም። ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው ያደርጋል፤ ፍሬኑም ሳይግል ለአስፈላጊው ጊዜ ይቆያል። ሞተሩ መኪናውን የሚይዘው ግን በምን በኩል ነው? በዘንጉ፣ በፒኞኑ፣ በኮሮናውና በአክስሉ በኩል ነው። ከነዚህ አንዱ ቁልቁለት ላይ ከተሰበረ የሞተሩ መያዝ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል፤ በዘንግ ላይ የሚይዘው የእጅ ፍሬንም አብሮ ይጠፋል። የሚቀረው የእግር ፍሬኑ ብቻ ነው። በሚኒባስና በፒክአፕ ላይ ደግሞ አክስሉ ኃይል ማስተላለፍ ብቻ ሳይሆን የመኪናውንም ክብደት ይሸከማል፤ ሲሰበር ጎማው አብሮ ሊወጣ ይችላል።

ትንንሾቹን ማርሾች በብየዳ አጣብቆ ዲፈረንሻልን ማዳን ይቻላል የሚሉም አሉ። ከላይ ያሰላነው 4.7 ሜትር መልስ ይሰጣቸዋል። የተበየደ ዲፈረንሻል በእያንዳንዱ መታጠፊያ ያን ያህል ርቀት ጎማ ያስፍቃል፤ በዝናብ ቀን ደግሞ መኪናውን ወደ ገደሉ በኩል ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ይገፋፋዋል። ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ዲፈረንሻል ፈትቶ አያይም። ስለዚህ ተሳፋሪው የተማመነው ባልታየው እጅ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ዲፈረንሻልን ሳይለኩ መግጠም የግል ቁጠባ ጉዳይ አይደለም፤ ቲኬት የቆረጡ የሌሎች ሰዎች ጉዳይ ነው።

የእኛም ድርሻ

ባለ መኪናውንና መካኒኩን ብቻ ወቅሰን ብንጨርስ ግን ፍርደ ገምድል እንሆናለን። አንድ የከተማ መካኒክ የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍና ዳያል ጌጅ ባይኖረው የሚደንቅ አይደለም፤ መሣሪያዎቹ ውድ ናቸው፣ በቅርብም አይገኙም። የእኛ የዩኒቨርሲቲዎችና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ወርክሾፖች ግን እንዲህ ያሉ መለኪያዎችን ለማስተማሪያ ይገዛሉ። ለፈተና ቀን ከካዝና ወጥተው በማግሥቱ ተመልሰው የሚቆለፉ መለኪያዎች ብረትን እንጂ አገርን አይለኩም። ዛሬ በመካነ ሰላም ዩኒቨርሲቲ፣ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባለበት ዘመን፣ በአውራ ጣት የተመጠነ ዲፈረንሻል በግቢያችን አጥር ሥር ሲያልፍ ካየን ጥፋቱ የመካኒኩ ብቻ ነው ለማለት አፍ የለንም።

የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ በጀት አይጠይቅም። የሳይንስና የቴክኖሎጂ ክፍሎች በሳምንት አንድ ቀን፣ የገበያ ቀን ቢሆን ይመረጣል፣ የመለኪያ ቀን ይክፈቱ። የአካባቢው መካኒክ ያወጣውን ዲፈረንሻል ይዞ ይምጣ። ተማሪው መመሪያውን ያንብብ፣ ይለካ፣ ቁጥሩን ይጻፍ፤ መካኒኩ ያስተካክል። በዚህ አሠራር ተማሪው በመጽሐፍ የሚያውቀውን 0.15 ሚሊ ሜትር በእጁ ያውቀዋል፤ መካኒኩም በእጁ የሚያውቀውን በቁጥር ያውቀዋል። መምህሩም ቢሆን ከረጅም ዘመን ጆሮ የሚማረው አያጣም። ማንም ማንን አይንቅም፣ ማንም የማንን እንጀራ አይሻማም፤ ገጠማውና ገቢው የመካኒኩ ሆኖ ይቀጥላልና።

አባቶቻችን «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ሲሉ ስለ ጨርቅና ስለ እንጨት ብቻ የተናገሩ አይመስለንም። ለመግቢያችን ጥያቄም መልሱ ከዚህ ምክር ውስጥ ይገኛል። ዲፈረንሻሉን ባለቤቱ ያዳምጠው፣ ዘይቱን ይለውጥለት፣ ግድ ሲሆንም ያውጣው። ውስጡን ግን የለካ ይፍታው፤ የለካም ይግጠመው። የለካው ሰው በጋራዥ ጣሪያ ሥር ይሁን በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ ቁልቁለቱን የሚወርደው ተሳፋሪ ግድ የለውም።